ይሉኝታ የማያውቀው አስተናጋጅ

«ማሽን የድሃውን እንጀራ ዘጋ» ብሎ የማያማርር የአሜሪካ ሐበሻ አላጋጠመኝም። ችግሩ፣ ይህን የሚለው ስክሪኑን በጣቱ እየነካካ መሆኑ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ካሉት በርገር ቤቶች አንዱ ግቡና ጥግ ይዛችሁ ታዘቡ። ካሸሯ ባንኮኒው ጋ ብቻዋን ቆማ በር በሩን ታያለች። ደንበኛው ዐይኗን ላለማየት ከላይ የተሰቀለውን ሜኑ የሚያጠና ይመስልና በጎን ሾልኮ፣ ቁመቱን የሚያህለው ስክሪን ፊት ይገተራል። እዚያ ወረፋ ቢኖርም ይጠብቃል። እየጠበቀም ከጎኑ ላለው ሰው፣ «ሰው እኮ ከሰው ጋር መነጋገር ተወ!» ይለዋል።

ማሽኑን ወድዶ አይደለም። ይሉኝታውን ሽሽት ነው።

የማውቃቸው አንድ ጋሽ ስኳር አለባቸው። ካሸር ፊት ሲቆሙ ሰላጣና ውሃ ያዛሉ፤ ያውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በአካባቢው የአገር ሰው ካለ እንዲሰማላቸው። ስክሪን ፊት ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ድርብ በርገር፣ ትልቁን የድንች ጥብስ፣ ኮካና ለማወራረጃ አይስክሬም ይነካሉ። «ለልጆቹ ነው» ብለው እንዳይዋሹ እንኳ የሚጠይቃቸው የለም። ስክሪኑ ሐኪም አይደለም፤ ሚስትም አይደለም፤ ማኅበር ላይም አያወራም።

ይህ የእኛ ብቻ ዐመል እንዳይመስላችሁ። ስዊድን ውስጥ ጠንከር ያለ መጠጥ የሚሸጠው በመንግሥት ሱቅ ነው። ድሮ ገዢው ባንኮኒ ላይ ቀርቦ የሚፈልገውን በስሙ መጥራት ነበረበት። ሱቆቹ ደንበኛው ራሱ ከመደርደሪያ እንዲያነሳ ሲፈቅዱ፣ ስማቸው ለአጠራር የሚያስቸግር መጠጦች ገበያቸው ደራ፤ ተመራማሪዎች ሽያጩን አገላብጠው ደርሰውበታል። ሰዉ ድሮም መጠጡን ይፈልገው ነበር፤ ሻጩ ፊት ምላሱ እንዳይተሳሰር ፈርቶ እንጂ። ስዊድናዊ በገዛ አገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ትናንት ከቦሌ የተነሳ ሰው «ፊሌ ኦ ፊሽ» ብሎ «ዋት?» ከሚባል፣ ሥዕሉን በጣቱ ቢነካ ማን ይፈርድበታል?

ያ የዓሣ ሳንድዊች ራሱ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲንሲናቲ ላይ ዓርብ ሥጋ ለማይበሉ ካቶሊኮች ተብሎ የተፈጠረ ነው። የእኛ ጾመኛ ግን ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ የራሱን ይፈጥራል። በዐቢይ ጾም አንዷን ሴት አየኋት። በርገሩን ነካች። ሥጋውን ቀነሰች። ቺዙን ቀነሰች። ማዮኔዙን ቀነሰች። ዳቦ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ቀረ። ስክሪኑ «ሌላስ?» አለ እንጂ «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አላላትም። ዋጋውንም ከነሥጋው አስከፈላት። ካሸር ፊት ቢሆን ይህን ትእዛዝ አትሞክረውም ነበር። ከዚያ «ድንች ምን አለበት» ብላ የድንች ጥብስ ጨመረች።

አለበት እንጂ! አሜሪካ ውስጥ የማክዶናልድስ ድንች ጥብስ ለምሳሌ፣ ከወተት የተገኘ ነገር ያለበት የበሬ ሥጋ ማጣፈጫ እንደሚገባበት ኩባንያው ራሱ በዝርዝሩ ላይ ጽፎታል። በዚሁ ሰበብ ሂንዱዎችና ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ከስሰውት በ2002 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ስክሪኑ ይህን ካልጠየቁት አይናገርም። የኛ ሰው ደግሞ ስክሪን ጋ የሚሄደው ላለመጠየቅ ነው።

ታዲያ ይሉኝታ የማያውቅ አስተናጋጅ ለራሱም አያፍርም። «ትልቁን ላድርገው?» «ቤከን ይጨመርበት?» «ጣፋጭስ?» ካሸሯ አንዴ ጠይቃ «ኖ» ከተባለች ትተዋለች። ስክሪኑ ግን እንደ ሐበሻ እናት «በቃኝ» የሚባል ነገር አይሰማም። ሼክ ሻክን የመሰሉ ኩባንያዎች በስክሪን የሚያዝዝ ደንበኛ ካሸር ጋ ከሚያዝዘው የበለጠ እንደሚያወጣ ራሳቸው ተናግረዋል። ከሰው ዐይን ያመለጠ ሰው የማምለጫውን ይከፍላል ማለት ነው።

በድምፅ የሚያዝዙት ማሽን ሲመጣማ ጉዱ ባሰ። ማክዶናልድስ ከአይቢኤም ጋር ሆኖ መኪና ውስጥ ላለ ደንበኛ ትእዛዝ የሚቀበል ማሽን ከ100 በላይ በሆኑ ቤቶቹ ሞክሮ፣ በ2024 ተወው። አይስክሬም ላይ ቤከን ጨመረ እየተባለ ቪዲዮው አገር ሲያስቅ ከርሟል። ታኮ ቤል ደግሞ 18,000 ብርጭቆ ውሃ ያዘዘ ቀልደኛ ገጥሞታል። ሰው ፊት ቆሞ 18,000 ብርጭቆ ውሃ ማን ያዝዛል? ይሉኝታ ሲነሳ የሚሆነው ይኸው ነው።

የሚያስቀው ግን ማሽኑ ብቻውን አለመሆኑ ነው። ከዚህ ቴክኖሎጂ አቅራቢዎች አንዱ የሆነው ፕሬስቶ በ2023 በገዛ ሰነዱ እንዳመነው፣ ከ100 ትእዛዝ ከ70 በሚበልጠው የሰው እጅ ነበረበት። ፊሊፒንስን በመሰሉ አገሮች የተቀመጡ ሰዎች እየሰሙ ያርሙ ነበር። «ማሽን ነው» ብሎ የተሳደበውና በዋጋው ከሚስቱ ጋር የተነታረከው ሁሉ፣ ማን ይሰማው እንደነበር እንግዲህ ይገምት። ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1902 ፊላደልፊያ ላይ የተከፈተው አውቶማት የተባለ ምግብ ቤት፣ ሳንቲም ለከተተ ሰው የመስታወት በር ከፍቶ ምግብ ይሰጥ ነበር፤ በ1912 ኒውዮርክ ገባ፤ የመጨረሻው በ1991 ተዘጋ። ደንበኛው በማሽኑ ሲደነቅ፣ ከግድግዳው ጀርባ ሠራተኞች ባዶውን ሳጥን እየሮጡ ይሞሉ ነበር።

ሰው የሚታወሰን ነገር ሲበላሽ ነው። «ሽንኩርት አይግባ» ብሎ የነካ ሰው ሽንኩርት ሲገባበት ስክሪኑን አይቆጣም፤ «እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?» ብሎ ያንባርቃል። ሰውማ ነበር፤ ጥሎት ሄደ እንጂ።

አንዳንዱ ቤት ደግሞ ከክፍያው በፊት ስክሪኑ ጉርሻ ይጠይቃል፤ 18፣ 20፣ 25 በመቶ። «አልሰጥም» የሚለው ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ያን ጊዜ ጠፍቶ የከረመው ይሉኝታ ከተፍ ይላል። ወዳጃችን ራሱ አዝዞ፣ ራሱ ከፍሎ፣ ትሪውንም ራሱ ሊሸከም፣ ግራ ቀኙን ቃኝቶ 20ውን ይነካል። ለማን እንደሰጠ ብትጠይቁት፣ «ምን ላድርግ፣ ከኋላዬ ሰው ቆሞ!» ይላችኋል።