«ማናጀሩ የለም»፦ ከጂም ስለ መሰናበት የቀረበ ጥናት

አሜሪካ ውስጥ ጂም መግባት አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ታብሌት ላይ ፊርማ የምትመስል ጭረት በጣት መጫር፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር መስጠት፣ ፎቶ መነሳት፤ አለቀ። መውጣት ግን ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ነው። እስካሁን ዲግሪ ያልተሰጠበት፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ሐበሾች ቡና ላይ በቃል ብቻ ስለሚያስተምሩት ሳይሆን አይቀርም።

የዘርፉ ዋና ሰነድ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልሜንዲየር የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን የሦስት አሜሪካ ጂሞችን መዝገብ አስቀርበው፣ የ7,752 አባላትን አመጣጥ በሦስት ዓመት ውስጥ መረመሩ። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት በአማካይ የሚመጡት 4.3 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሲካፈል አንዱ ምልልስ ከ17 ዶላር በላይ ይመጣል፤ እዚያው በር ላይ የአሥር ጊዜ መግቢያ ቢገዙ ኖሮ በ10 ዶላር ይገቡ ነበር። ከሁሉ የሚደንቀው ሌላው ቁጥር ነው፦ በየወሩ የሚከፍል አባል ጂሙን ለመጨረሻ ጊዜ ከረገጠ በኋላ ውሉ እስኪቋረጥ በአማካይ 2.31 ሙሉ ወራት ያልፋሉ። ምሁራኑ ነገሩን ሰው በነገው ራሱ ላይ ባለው ከልክ ያለፈ እምነት አስረዱት። ያልነኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፤ በእነዚህ 2.31 ወራት ማናጀሩ የት ነበር? ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ይሞላል።

በቅድሚያ ማናጀር የማያስፈልጋቸውን ተሰናባቾች መለየት ይገባል። በኒውዮርክ ሕግ፣ በፈረመ በሦስት ቀኑ የተጸጸተ ይወጣል። ሐኪም ከስድስት ወር በላይ የሚያግድ ጉዳት አለበት ያለው ይወጣል። ቤቱን ከድርጅቱ ጂሞች ሁሉ ከ25 ማይል በላይ ያራቀም ይወጣል። አራተኛው የሞተ ነው። ውሉ ላይ እንዲታተም የታዘዘው ማሳሰቢያ ይህን ለአባሉ በቀጥታ ያበስረዋል፤ ከሞቱ ወራሾችዎ የቀጣዩን ወር አይጠየቁም ይላል። ዕድር ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ትንሽ ግር ይለዋል። ዕድርተኛ ሲሞት ዕድሩ መክፈል ይጀምራል፤ ጂሙ ግን መቁረጡን ያቆማል። ያው አንድ ነገር ነው።

ሕያው፣ ጤነኛና እዚያው ሰፈር የሚኖር ሰው ግን ማናጀሩን ማግኘት አለበት። ማናጀሩ ደግሞ የለም። የአለመኖሩ ዓይነት ብዙ ነው፤ ምሳ የወጣ፣ ሌላ ቅርንጫፍ የሄደ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ የሚገባ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ የማይገባ። እነዚህ ተራ ስለሆኑ እንለፋቸው። ምርምር የሚገባው አምስተኛው ነው፦ ያለ ሆኖ የሌለው።

ይህ ዝርያ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ጉዳይ ያስፈጸመ ሁሉ ወንበር ላይ የተንጠለጠለውን ኮት ያውቀዋል። ፋይሉ ተከፍቷል፣ መነጽሩ ፋይሉ ላይ ነው፣ ጸሐፊዋም «አሉ፣ እዚሁ ናቸው» ትላለች። ኮቱ ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ይውላል። ኮቱ ውቅያኖስ ሲሻገር ኮፍያ ያለው ሹራብ ሆኗል፤ በመነጽሩ ቦታ ደግሞ ግማሹ የተጠጣ ፕሮቲን ሼክ ተተክቷል።

ሼኩ ለተመራማሪ ከሹራቡ ይልቅ ይናገራል። አረፋው ከላይ ሙሉ ከሆነ ማናጀሩ የወጣው አሁን፣ ምናልባትም አባሉን በመስኮት አይቶ ነው። አረፋው ተንዶ ጠርዙ ላይ ቀለበት ከሠራ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ዱቄቱ ከታች ዘቅጦ ውሃው ከላይ ከጠራ ትናንት ነው። ደርቆ ከተሰነጠቀ ማናጀሩ ሥራ ለቋል፤ ይህም ከዚያ ጂም የወጣ ሰው ለመኖሩ ብቸኛው አስተማማኝ ማስረጃ ነው።

መለኪያው በመስክ ተፈትኗል። ሃምሳዎቹን የተሻገረ አንድ ሹፌር ለሦስተኛ ጊዜ ሄዶ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ የቆመችውን ልጅ ማተብ አየና በአማርኛ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ማናጀሩ የለም እኮ።»

«የኔ ልጅ፣ ሼኩ እኮ ገና አረፋው አልወረደም!»

«ውይ፣ እሱ የኔ ነው።»

በዚህ ምክንያት ከላይ የቀረበው ምደባ ተሰርዟል።

ሌሎች መንገዶችም ተሞክረዋል። ካርዱን አዘግቶ የተገላገለ የመሰለው አለ፤ የካርድ ድርጅቶች አዲሱን ቁጥር ለአስከፋዩ ራሳቸው የሚያደርሱበት አሠራር አላቸው። ጀርመን ከጁላይ 2022 ጀምሮ በኢንተርኔት ቀጣይ ክፍያ ያለበትን ውል የሚያዋውል ድርጅት ማቋረጫ ቁልፍ እንዲያኖር አስገድዳለች። የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽንም በኦክቶበር 2024 መውጫው እንደ መግቢያው ይቅለል የሚል ደንብ አውጥቶ ነበር። ዋናው ክፍል ሊጸና ስድስት ቀን ሲቀረው፣ በጁላይ 2025፣ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአወጣጡ ሥነ ሥርዓት ጉድለት ሻረው። ደንቡ ሲሰናበት ማናጀር አልተጠየቀም።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ግን ግራ ቀኝ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ለዋናው ቢሮ በሪኮማንዴ ይጻፉ። የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ እንዳይጥሉት። እሷ ነገረችኝ እንዳይሉ ደግሞ።» ሹፌሩ መረቃት። የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀ፤ አክስቷን ያውቃታል። ይህን ያህል ካወሩ በኋላ ዘወር ብሎ መውጣት ይሉኝታ ያዘው፤ የወሩም ገንዘብ ተቆርጧል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ኩቢት እ.ኤ.አ. በ1818 ለእስረኞች መቅጫ የሠራው መሣሪያ የልጅ ልጅ የሆነው ትሬድሚል ላይ በቆዳ ጫማው ወጥቶ ሃያ ደቂቃ ተራመደ። አማካዩ ላይ ለመድረስ ለዚያ ወር 3.3 ይቀረዋል።