እስከ 2032

በእኛ ቤት አልነሳም የሚሉ ሁለት ፍጥረታት አሉ፤ እሁድ ጠዋት እኔ፣ ባለፈው ኅዳር ደግሞ ላፕቶፔ። እኔን ባለቤቴ ቡና ስትቆላ ሽታው ያስነሳኛል። ላፕቶፑ ግን በልመናም በቁጣም አልነቃ ብሎ ወር ሙሉ ሲያለፋኝ ከረመ። የኮምፒውተር ሰዎች ይህንን "ቡት አያደርግም" ይሉታል። እኔ "አልነሳም አለ" ማለቱን እመርጣለሁ። እምቢታም ኩርፊያም አለበት፤ የእኔው ደግሞ ሁለቱንም ያውቅበታል።

ላፕቶፔ የ2011 ሥሪት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ይቺን "በፈረንጅ" የምትለዋን ያዙልኝ። ማጠፊያው ስለተሰበረ ስክሪኑን በመዝገበ ቃላት አስደግፌ ነው የምሠራበት። ባትሪው ሞቶ መሳቢያ ውስጥ ከቀበርኩት ሦስት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ የሚኖረው በገመድ ነው፤ ከግድግዳው ሲነቀል ነፍሱ ትወጣለች። እንዲያም ሆኖ የትርጉም ሥራዬን ሁሉ የሠራሁት በእርሱ ነው፤ ተጧሪ ሳይሆን ጧሪ ነው።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ወደ ዊንዶውስ 11 እንሻገር ብንል፣ በሩ ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ቺፕ ይጠየቃል። የእኔ ላፕቶፕ የተወለደው ያ ቺፕ ሳይታሰብ ነው። መታወቂያ ሳይዝ ከገጠር እንደመጣ ዘመድ በር ላይ ቆሞ ቀረ። አዲስ ልግዛ ብዬ ዋጋ ጠየቅሁና፣ ዋጋውን ሰምቼ ለአሮጌው የነበረኝ ፍቅር በአንድ ቀን እጥፍ ሆነ።

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል። በዚህም ጥፋቱ የቤተ ዘመዱ ስልክ፣ ዲሽና ፕሪንተር ሁሉ ተጠሪነቱ ለእርሱ ሆኗል። "ጋሼ፣ ሊኑክስ እንጫንበት፤ ነፃ ነው፣ ለአሮጌ ዕቃም ይሆናል" አለኝ። "ነፃ" የሚለውን ከሰማሁ በኋላ የቀረውን አላዳመጥኩም። እርሱ ግን ማስረዳቱን ቀጠለ። በፈረንጅ በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በትርፍ ጊዜው የጀመረው ነው አለ። ዛሬ በዓለም ፈጣን የሚባሉት 500 ሱፐርኮምፒውተሮች ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። እኔ በ21 ዓመቴ በትርፍ ጊዜዬ የጀመርኩት ነገር ቢኖር ካርታ ጨዋታ ነው፤ እርሱም ትርፍ አላመጣም።

የመረጥነው ሉቡንቱን ነው፤ የኡቡንቱ ቀለል ያለ ወንድም። ኡቡንቱ ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ቃል ነው፤ የእኛን "የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው" ይጠጋል። መልካም ስም ነው ብዬ ገባሁበት።

በፍላሽ ጫንነው። ዊንዶውሱን ሳናባርር ከጎኑ አስተኛነውና ላፕቶፑ እንደ ወጣት ብድግ አለ። ሦስት ቀን ሠራሁበት። በአራተኛው ቀን ጥጋብ መጣብኝና፣ ዊንዶውስ "ዲ" እያለ የሚጠራው ባዶ ክፍል ለምን ቦታ ይይዛል ብዬ ከዲስኩ ላይ አጠፋሁት። ላፕቶፑን ዘግቼ ሳስነሳው ስክሪኑ ጥቁር ነው። "እንዲህ ያለ ክፍልፋይ የለም" የሚል የእንግሊዝኛ መስመር፣ ከሥሩ ደግሞ "ግረብ ሬስኪዩ" የሚል ቃልና ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ ብቻ ቀርተዋል።

ሬስኪዩ ማዳን ነው። አዳኝ ከመጣ እንግዲህ ምን ቸገረኝ ብዬ "ሄልፕ" ብዬ ጻፍኩለት። "ሄልፕ የሚባል ትዕዛዝ አላውቅም" ብሎ መለሰልኝ። ቤታችሁ ተቃጥሎ የእሳት አደጋ መኪና ብትጠሩ፣ ሾፌሩ ወርዶ "ውኃ ምንድን ነው?" እንደማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ሳቁን ሲጨርስ አስረዳኝ። ኮምፒውተር የሚነሳው አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ነው። መጀመሪያ ባዮስ ይነቃል፤ ባዮስ ግረብን ይቀሰቅሳል፤ ግረብ ከርነል የሚባለውን አባወራ፣ አባወራው ደግሞ የቀረውን ቤተሰብ። ግረብ ሲጫን "ዕቃህ ያለው ስድስተኛው ክፍል ነው" ተብሎ በቁጥር ተነግሮታል። እኔ አምስተኛውን ሳፈርስ ስድስተኛው አምስተኛ ሆነ። ግረብ እንደ ሠርግ ጠሪ ወረቀቱን ይዞ "ቤት ቁጥር 6" እያለ ይንከራተታል፤ ቤቱ ከቦታው አልተነቃነቀም፣ ቁጥሩ እንጂ። ልጁ ሦስት አራት መስመር ጽፎ አዲሱን ቁጥር ነገረው። የመጨረሻዋ ትዕዛዝ "ኖርማል" የምትል ነበረች። ሁሉም ነገር ኖርማል ሆነ።

እዚያ ላይ ብንተወው ኖሮ እናንተም ይህን ወግ ከማንበብ ትድኑ ነበር። ልጁ ግን "ጋሼ፣ ይሄ አሠራር አርጅቷል። ሁሉንም ጠራርገን በአዲሱ በዩኢኤፍአይ እንጫነው" አለ።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። አሮጌው ዘበኛ፣ ባዮስ፣ የሚያነበው በዲስኩ መግቢያ ላይ የተለጠፈች 512 ባይት የምታህል ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው። አዲሱ ዘበኛ፣ ዩኢኤፍአይ፣ የተለጠፈ ወረቀት አይፈልግም፤ ለእርሱ ወደተለየች ትንሽ ክፍል ገብቶ ፋይል ያነባል። የእኔ ላፕቶፕ ሁለቱንም መሆን ይችላል፤ ኤፍ 2 ተጭኖ የሚመርጥለት ብቻ ይፈልጋል። ያልመረጡለት እንደሆነ ግን ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ጠባይ የአሮጌው ዘበኛ ነው።

አዲሱን መረጥን፣ ዲስኩን ጠርገን ጫንን። አራት ቀን እንደ ንብ ሠራ። በአምስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ማታ ሲመጣ ላፕቶፑን ከፈትኩ። "ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልተገኘም" አለኝ። ጠዋት አብረን ስንሠራ የዋልነውን!

ልጁ ፈተና ላይ ስለነበር አሠራሩን በወረቀት አስጽፌ ብቻዬን ገባሁበት። ሰባት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው "ኤፍ 2 ተጭነው ዩኢኤፍአይን ይምረጡ፣ በኤፍ 10 አስቀምጠው ይውጡ" ይላል። ሳየው ምርጫው ወደ አሮጌው ተመልሷል። ልጁ ኤፍ 10 ሳይጫን ወጥቶ ይሆናል ብዬ በሆዴ ታዘብኩት። ታዲያ አራት ቀን እንዴት ሠራ? ይህን ጥያቄ ያኔ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። መርጬ፣ ስድስቱን ደረጃ ወርጄ፣ እንደገና ጫንኩ። ተነሳ። ሦስት ቀን ቆይቶ መብራት ጠፋ። አልተገኘም። እንደገና ሰባት ደረጃ። መብራት ጠፋ። አልተገኘም።

ልጁን ስልክ ደወልኩለት። "ባዮሱን አስተካክለዋል?" አለኝ። "በየጊዜው አስተካክላለሁ!" አልኩት በኩራት። "እንግዲያው ዲስኩ ሳይሆን አይቀርም" አለ። "በየጊዜው" የምትለዋ ቃል በመካከላችን አለፈች፤ እርሱም አልሰማት፣ እኔም አልሰማኋት።

ከዚያ በኋላ ያልጠረጠርኩት የለም። ፍላሹን ጠረጠርኩ፣ ዲስኩን ጠረጠርኩ፣ ሉቡንቱን ሰደብኩ፣ በሄልሲንኪ የተማረውን ሰውዬ ሳይቀር አማሁ። አንድ ወዳጄ ራሙን አውጥቼ በላጲስ እንዳሸው መከረኝ፤ አሸሁት። የተማሪ ደብተር እንኳን እንዲያ አጥርቼ አላውቅም። ላፕቶፑን በከፈትኩበት አፍ ብናኙንም ጠረግሁ። ጥግ ላይ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አየሁ፤ ጀርባዋ ላይ 3 ቮልትና 2032 የሚል ተጽፎባታል። "ይቺስ ጊዜዋ አላለፈም፤ እስከ 2032 ትሠራለች" ብዬ መለስኳት። ከዕቃው ሁሉ ያልጠረጠርኩት እርሷን ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አይቼ አልፌአለሁ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የላፕቶፑ ቀን ጃንዋሪ 1፣ 2011 ይሆናል። እኛ ከፈረንጅ ሰባት ዓመት ወደኋላ ነን፤ ላፕቶፔ ደግሞ ከእኛ ሰባት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ተቀመጠ። ባለቤቴን ጠርቼ "ነይ እዪ፣ የራሱን ዘመን አቆጣጠር አውጥቷል" ብዬ አሳየኋት። ሳቅን። ኢንተርኔት ሲያገኝ ቀኑን ራሱ ስለሚያስተካክል ነገሩን እንደ ቀልድ ያዝኩት።

አራተኛውን ጭነት መብራት በበላው ማግስት የእጅ ሰዓቴም ቆመ። የሠፈራችን ሰዓት ሠሪ መስኮት የምታህል ሱቅ ውስጥ፣ አጉሊ መነጽር ዓይናቸው ላይ ሰክተው የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው።

"ምነው ልጄ፣ ፊትህ ጠቆረ? ሰዓት ቢቆም ይሠራል እኮ" አሉኝ የሰዓቴን ክዳን እየፈለቀቁ።

"ሰዓቱ አይደለም አባቴ። ላፕቶፔ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር አልነሳም ይላል።"

ለሰዓት ሠሪ ስለ ላፕቶፕ መናገሬ ራሴን አሳፈረኝ። እርሳቸው ቀና እንኳን ሳይሉ፦

"ቀኑን ይስታል?"

"ይስታል! 2011 ይላል።"

"እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ቀኑን የሚረሳ ዕቃ ግን ሌላም የሚረሳው ነገር አያጣም" አሉና መሳቢያ ስበው አንዲት ሳንቲም የምታህል ባትሪ አወጡ። ያቺው ናት፤ 2032።

"እርሷማ አለችኝ" አልኳቸው። "የእኔዋም እስከ 2032 ድረስ ትሠራለች።"

አሁን መነጽሩን ከዓይናቸው አወረዱ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

"20 ስፋቷ ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር። 32 ውፍረቷ ነው፤ 3.2 ሚሊ ሜትር። ልኳ ነው ልጄ። 42 ቁጥር ጫማ ስትገዛ 42 ዓመት ትጫማዋለህ?"

ወር ሙሉ ያባከንኩበት ነገር በሁለት ደቂቃ ተፈታ። ላፕቶፑ ከመብራት ሲለይ ሰዓቱንና ምርጫዎቹን የምታስታውስለት ያቺ ሳንቲም ናት። ከ2011 ጀምሮ ስታስታውስ ኖራ ደክማ ሞታለች። ዋናው ባትሪ መሳቢያ ውስጥ ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ዘበኛው ሁሉን ነገር ይረሳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእኔው ዘበኛ ግን የያዘውን ለቅቆ ወደ ልጅነት ጠባዩ ይመለሳል። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይፈልጋል፣ ያጣል፣ "ሰው የለም" ብሎ ይመልሰኛል። ሉቡንቱ ግን ውስጥ ክፍሉ ቁጭ ብሎ የሚጠራው ይጠብቃል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው፤ ጥፋቱ የሳንቲሟ፣ ደጋግሞ የተጠረገው ሊኑክስ።

ይበልጥ ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ከሰባቱ ደረጃ በሽታውን የሚያድነው የመጀመሪያው ብቻ ነበር። ኤፍ 2፣ ምርጫ፣ ኤፍ 10፤ አለቀ። ስድስቱን የጨመርኩበት ለጽድቅ ነው። የባሰው ደግሞ፣ ያረጀ ነው ብለን የተውነው የመጀመሪያው አጫጫን ቢቆይ ኖሮ ዘበኛው ቢረሳም ወረቀቱን በሩ ላይ ያገኘው ነበር። ይህንን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ጠፋበት።

ባትሪዋን ከአንድ ማኪያቶ እምብዛም በማይበልጥ ዋጋ ገዝቼ አስገባሁ። ኤፍ 2፣ ኤፍ 10። ሉቡንቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ብድግ አለ።

አሁን የቀረው ፈተናው ነው፤ መብራት ሲጠፋ። ጠበቅሁ። አንድ ቀን አልጠፋም። ሁለት ቀን አልጠፋም። ሳይጠየቅ ይሄድ የነበረ መብራት፣ ሲጠበቅ እንደ ቤተኛ ተደላድሎ ተቀመጠ። በአዲስ አበባ መብራት እንዲጠፋለት የተሳለ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ቡና እየቆላች "ምን ሆነህ ነው አምፖሉን የምታየው?" አለችኝ።

"መብራቱ እስኪጠፋ እየጠበቅሁ።"

ምጣዱን አስቀመጠች። ተነሳች። የላፕቶፑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችና ተመልሳ ተቀመጠች።

ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

"በረካው እስኪጠጣ እንደተነቀለ ይቆይ" ብላ ፈረደች። አቦል ጠጣን፣ ቶናም ጠጣን። በረካውን ስንጨርስ ሰካሁት። ማብሪያውን ተጫንኩ። ስክሪኑ ጨለመ፣ ከዚያ በራ። ሉቡንቱ መጣ። ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየሁ፤ ዲሴምበር 2025 ይላል። ላፕቶፔ ከልጅነቱ ተመልሶ እኛ ዘንድ ደርሷል።

"አሁንስ ያቺ ባትሪ እስከ መቼ ትሠራለች?" አለችኝ ስኒዎቹን እየሰበሰበች።

"እስከ 2032" አልኳት፣ ሳቄን አፍኜ።

ጥቂት አሰበችበት።

"በእኛ ነው በፈረንጅ?"