ቁንዝላ የቀረው ካሴት

ከባሕር ዳር ጎርጎራ በጀልባ የሄደ ሰው ቁንዝላን ያውቃታል። ወዶ አይደለም፤ ጀልባው እዚያ ያድር ስለነበር ነው። እሑድ በጠዋት ተነሥቶ፣ ዘጌን ነክቶ፣ ደቅ ደሴት ሰውና ዶሮ አራግፎ፣ ቁንዝላ ሲደርስ ይመሽበታል። እሱ ይተኛል፤ እኛ ደግሞ ቢንቢ ከፈቀደች።

በ1988 ዓ.ም. እንዲያ ሳድር ኪሴ ውስጥ አንድ ካሴት ነበረ፤ አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ የላከልኝ። ሽፋኑ ድፍን ጥቁር ነው፤ ጥግ ላይ የተጠቀለለውን እባብ ለማየት ዓይን ማጥበብ ያስፈልጋል። ሜታሊካ የሚባለው ቡድን በራሱ ስም ቢያወጣውም ዓለም «ጥቁሩ አልበም» ይለዋል። የወጣው ነሐሴ 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ደርግ ከወደቀ ሦስት ወር አልሞላውም፤ የራሳችን ጩኸት በዝቶብን ስለነበር የእነሱ አልተሰማንም።

ያደርንበት ጠላ ቤት ቴፕ ነበረው።

«እትዬ፣ ይቺን አንዴ ልክፈታት?»

«ክፈታት ልጄ፤ ብቻ ቴፔን እንዳታበላሽብኝ።»

ጊታሩ በቀስታ ስለሚጀምር ማንም አልደነገጠም። ከበሮው ሲገባ ግን አንዱ መንገደኛ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፤ በሌሊት የማን ወፍጮ እንደተነሣ ሊያይ። እትዬ ቴፑን በመዳፋቸው ጠፈጠፉት። «ክሩን በላው!» አሉና ካሴቱን መንጭቀው አወጡት። ጎኔ የተቀመጠው ነጋዴ ሳይጠየቅ እስክሪብቶውን አውጥቶ ማጠንጠን ጀመረ።

«አልበላውም እትዬ፣ እንዲህ ነው የሚጫወቱት።»

«ሆን ብለው?»

እኔ መልስ ሳጣ ጥግ ይዘው የነበሩ አንድ መሪጌታ ደረሱልኝ። «ተዉት፣ እንዝራ ነው» አሉ። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ አውታሩ ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ቁራጭ ጠፍር ይገባል። እንዝራ የሚሉት እሱን ነው። አውታሩ ጥርት ብሎ እንዳይጮኽ፣ እንደ ንብ እያጉረመረመ እንዲነዝር ያደርገዋል። ፈረንጅ ይህንኑ ለማግኘት ኤሌክትሪክ፣ ማጉያና ጎረቤት የሌለው ቤት አስፈልጎታል። «እነዚህ ግን እንዝራውን አብዝተውታል» ሲሉ መሪጌታ ፍርዳቸውን ሰጡ።

የአክስቴ ልጅ ይህን ቢሰማ ይሞት ነበር። እሱ እቴ፣ ይህኛው አልበም ራሱ ለስልሶበት «ተሸጡ!» እያለ ነበር የጻፈልኝ (ገዝቶ ግን ላከው)። በእርግጥ በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጡት አልበም አንዳንድ ዘፈኖቹ ወደ ዐሥር ደቂቃ ይደርሱ ነበር፤ መድረክ ላይ ሲጫወቷቸው ራሳቸውም ሰለቻቸው። ለዚህኛው ግን ቦብ ሮክ የሚባል ካናዳዊ ፕሮዲውሰር ይዘው ዘፈኑን አሳጠሩት፣ ረገብ አደረጉት። ጥቁሩ አልበም በወጣ በሳምንቱ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆነ፤ እዚያው አገር ብቻ ከ16 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። የሄቪ ሜታል ወዳጅ ያልሆነ ሁሉ ገዛው ማለት ነው።

እንዴት እንደገዛው ያየሁት ግን ቁንዝላ ነው። ካሴቱን መልሰን ከተትነው፣ ስምንተኛው ዘፈን ላይ ደረሰ። እትዬ ጠላ እየቀዱ ነበር፤ ጣሳው ሞልቶ ፈሰሰ።

«ይኼማ ትዝታ ነው። ምን ይላል?»

እንግሊዝኛዬ ለግጥሙ ስላልበቃ ታሪኩን ነገርኳቸው። ዘፋኙ ጄምስ ሄትፊልድ ከፍቅረኛው ጋር በስልክ ሲያወራ አንድ እጁ ስልኩን ይዟል፤ በሌላው ያልተጫኑ ክሮችን ሲነካካ ዜማው መጣለት። ለራሱ እንጂ ለቡድኑ አላሰበውም ነበር።

«ታዲያ መጀመሪያ ይኼን አይሉም? ያን ሁሉ ከሚጮኹ!»

ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በአራተኛው የቴፑ ድንጋይ አለቀና ዘፋኙ በወፍራም ድምፅ እየተጎተተ ዝም አለ፤ ያን ጊዜ እንኳ መሪጌታ «አሁን በገና ሆነ» አሉ። ጠዋት የጠላ ሂሳብ ስጠይቅ እትዬ «ካሴቱ ይበቃል» አሉኝ። አልተከራከርኩም፤ ጀልባው እየጮኸ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኤርታሌ» ስልኬ ላይ ነበር። ያን ጩኸታም ጊታር ከአማርኛ ዜማ ጋር ያጋቡበት፣ ቢል ላዝዌል ፕሮዲውስ ያደረገው አልበም ነው። ለእትዬ ከፈትኩላቸው፤ ሽበታቸውን በነጠላ ሸፍነው እስኪያልቅ በትዕግሥት ሰሙ።

«የእኛ ልጆች ናቸው፣ ይባርካቸው» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ በስልክ ያለቅስ የነበረው ፈረንጅስ? ተመለሰችለት?»