ባሕር የሌለው ቢች

መራመድም ወግ ሆነ! እኔ በልጅነቴ ትምህርት ቤት በእግሬ፣ ወፍጮ ቤት በእግሬ፣ ለቅሶ በእግሬ ስሄድ "ሃይኪንግ ሠራህ" ብሎ ያጨበጨበልኝ የለም። አሁን ልጄ ከነሚስቱ ከነልጆቹ መካኒሳ ድረስ ይመጣና "አባዬ፣ ቅዳሜ ጫካ ውስጥ ሃይኪንግ፣ ከዚያ ቢች" ይለኛል። የምን ቢች? ባሕር ካጣን 30 ዓመት አልፎን የለ?

ለካ የታሰበው መልካ ቁንጡሬ ነው፤ የአዋሽ ዳር። አዋሽ ደግሞ ራሱ ባሕር አይቶ አያውቅም። ይህን ሁሉ አገር ዞሮ፣ አፋር ወርዶ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እኔ እንኳ ምጽዋን አይቻለሁ።

ገና ጀሞን ሳናልፍ ሽንት ቤት ተፈለገ። አለም ገና ላይ አንደኛው አስመለሰው። ከሰበታ ወዲያ ያለውን መንገድ ወገቤ ይናገር። መናገሻ ሱባ ስንደርስ ግን፣ እውነቱን መደበቅ ነውር ነው፣ ጫካው ግርማ አለው። የጽዱንና የዝግባውን ጫፍ አያለሁ ያለ ሰው ባርኔጣው ይወድቅበታል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ነው ያስተከሉት ይባላል። የኔን ጉልበት ሊፈትኑበት አስበው አይመስለኝም። ልጆቹ ጉሬዛ ባዩ ቁጥር ይጮኻሉ፣ ጉሬዛው ይሸሻል፤ አልፈርድበትም። ምራቴ ደግሞ "ጋሼ፣ በደንብ ይተንፍሱ፣ ንጹሕ አየር እኮ ነው" ትለኛለች። እስከ ዛሬ ምን ስተነፍስ የኖርኩ መስሏት ይሆን? የምሳውን ነገር ተዉት። ቤት ሙሉ ወጥ ትቶ ጫካ ገብቶ ደረቅ ዳቦ መግመጥ ሽርሽር ተብሏል።

ከዚያ ወደ አለም ገና ተመልሰን በቡታጅራ መንገድ ወረድን። መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጥንት ሰው ቅሪት ያለበት ስፍራ መሆኑን በ1963 እ.ኤ.አ. ዴከር የሚባል የኔዘርላንድ የውሃ ባለሙያ አየ፤ ኋላ ሻቫዮን የተባሉ ፈረንሳዊ 30 ዓመት ያህል ሲያስቆፍሩት ኖሩ። እኔ ጓሮዬ ውስጥ ጎመን ልተክል ዶማ ሳነሳ "ወገብህን!" ይሉኛል። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከጎረቤቱ ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። እኛ ውሻ የምናባርርበት የሚመስል ድንጋይ በክብር ተደርድሯል፤ የጥንት ሰው የእጅ መጥረቢያ ነው። ባልጩቱስ እሺ፣ ዛሬም ምላጭ ያስንቃል።

እዚያው ጋርባ በሚባለው ስፍራ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የሕፃን መንጋጋ ተገኝቷል፤ ከነጥርሱ። የኔዎቹ ጥርሶች ጡረታዬን እንኳ አልጠበቁም።

ያናደደኝ ግን ጎምቦሬ የሚባለው ሌላው ስፍራ ነው። ከ700,000 ዓመት በፊት ውሃ ዳር ጭቃ የረገጡ ሰዎች ዱካ እዚያ ተገኝቷል፤ የአዋቂም፣ ገና አንድና ሁለት ዓመት የሆናቸው ሕፃናትም። አጠገባቸው ጉማሬ ይበለት ነበር። እንግዲህ እንቦቃቅላ ሰብስቦ፣ ውሃ ዳር ወርዶ፣ ሥጋ እየበሉ ጭቃ ማቡካት ልጄ ያመጣው አመል አይደለም፤ ከዘር የወረደ በሽታ ነው። የሽማግሌ ዱካ ተገኘ ሲባል ግን አልሰማሁም። እሱማ ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ተቀምጦ "ኧረ ይመሻል፣ ኧረ በጊዜ እንግባ!" ሲል ነበር፤ ማን ሰምቶት!

ይህን እያሰብኩ ዞር ስል የልጅ ልጆቼ ጫማቸውን አውልቀው አዋሽ ጭቃ ውስጥ ገብተዋል። እናትየው ፎቶ ታነሳለች። ጫማውን ማን ያዘ? እኔ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጢያ ነው አሉ፤ እዚያው መንገድ ላይ ወረድ ብሎ። መራመድ የለበትም፣ ትክል ድንጋይ ማየት ብቻ ነው ብለው አባበሉኝ። ድንጋዮቹ የቆሙት መቃብር ላይ መሆኑን ግን አንዳቸውም አልነገሩኝም።