እምዬ፥ ጅራፍ ላኪልኝ

ሁሳቪክ፥ አይስላንድ
ሚያዝያ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤ ጋፋት፥ ደብረ ታቦር።

እምዬ፥ እኔ ከናፍቆትሽና ከዓሣ ሽታ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ማሙሽ፥ ደብዳቤውን ጮክ ብለህ አንብብላት፤ በቅንፍ ያሰርኩትን ግን በልብህ። ሳል ያዘኝ ብለህ ዝለለው።

በስልክ "ያለህበት በጋ ነው ክረምት?" ብለሽ ስትጠይቂኝ መልስ አጥቼ ነበር። አሁን ተገኘ። ከትናንት ወዲያ ሐሙስ በጋ ገባ። እዚህ በጋ ዝም ብሎ አይገባም፤ በዓል ሆኖ ነው የሚገባው። ሥራ ይዘጋል፥ ባንዲራ ይሰቀላል፥ መንገድ ላይ የተገናኘ ሁሉ "እንኳን ለበጋው አደረሰህ" ይባባላል። እኔ ሞኙ አምኜ በሸሚዝ ወጣሁ። በረዶ ይጥላል! ጎረቤቴ አሮጊቷ ግን ፊቷ በርቷል። ማታ ደጃፏ ላይ በሳህን ውሃ አስቀምጣ አድራ፥ ጠዋት ብታየው ድንጋይ ሆኗል። ክረምቱና በጋው በአንድ ሌሊት አብረው ከረጉ ዘመኑ የጥጋብ ነው፤ በረዶው በወፈረ ልክ ወተቱም ይወፍራል አለችኝ። አንቺስ ለሩፋኤል ዝናብ ራቁታችንን ታስወጪን አልነበር? በምን አፌ ልሳቅባት።

የከተማዋ ሕዝብ 2,300 ቢሆን ነው። በደብረ ታቦር የገበያ ቀን ድንች ተራ የሚጋፋው ሰው ከዚህ ሳይበልጥ አይቀርም። አገሩ ሁሉ ተደምሮ 400,000 አይሞላም። ስለዚህ የማይተዋወቅ የለም፤ ሐሜትም እንደኛው ሰፈር ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል።

ሥራዬ ዓሣ መበለት ነው። የመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ቢላዋ ሲያስጨብጠኝ "ጌታዬ፥ እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ዓሣ የማውቀው ወረታ ላይ ተጠብሶ ሲቀርብ ነው" ልለው ቋንቋው አልመጣልኝ አለ። ወዲያው ትዝ ያለኝ የቀዬአችን ታሪክ ነው። እነ ዋልድማየር ጋፋት ሰፍረው ሳለ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሥሩልኝ ቢሏቸው፥ እኛ ወንጌል ልናስተምር የመጣን ነን፥ መድፍ አናውቅም አሉ። ንጉሡ ደግሞ "አናውቅም" የሚባል ነገር አይገባቸውም። እየሞከሩ፥ እየተበላሸባቸው፥ በመጨረሻ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖልን አቅልጠው አወጡ። እኔም እየሞከርኩ፥ እየተበላሸብኝ፥ በመጨረሻ አንድ ዓሣ በወጉ በለትኩ። (ሁለት ጣቴንም በልቼ ነበር፤ ድነዋል።) ያኔ ፈረንጅ ጋፋት ተቀምጦ በእኛ ብርድ እየተንዘፈዘፈ ለእናቱ ይጽፍ ነበር፤ ዛሬ ተራው የጋፋት ልጅ ሆነ።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር አለ። ሌላ አገር የሄዱ ጓደኞቼ "የቤተሰብ ስም" እየተባሉ በአያታቸው ስም ሲጠሩ ይኖራሉ። እዚህ ያ አበሳ የለም። ሰው የሚጠራው በገዛ ስሙ፥ ቀጥሎም በአባቱ ነው፤ ወንዱ "የእገሌ ሶን"፥ ሴቷ "የእገሌ ዶቲር"። ፕሬዚዳንታቸውን እንኳ ሃላ ነው የሚሏት፤ ሃላ ቶማስዶቲር፥ የቶማስ ልጅ። ሲመዘግቡኝ ስሜንና የአባቴን ስም ብነግራት ጸሐፊዋ "ሶኑን ረሳኸው" ብላ ሳቀች። ነፍሱን ይማረውና አባዬ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር!

ክረምቱን ግን አታንሺብኝ። በታኅሣሥ ፀሐይ ብቅ የምትለው አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። የነቢያትን ጾም እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ ብዬ ቃል ገብቼልሽ አልነበር? ጾሙን ሳልፈታ ቀኑ ይመሻል፤ የምበላው ምሳ ይሁን እራት የሚነግረኝ የለም። ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ሰዓት መቁጠርም በዚያው ቀረ፤ በዚያ ስሌት ብሄድ ሥራ በሰዓቱ የገባሁበት ቀን አይኖርም ነበር። በሰኔ ደግሞ ይገለበጣል፤ እኩለ ሌሊት ካላለፈ አትጠልቅም። የእኛ ዶሮ ቢሆን ያብድ ነበር።

ገናቸውም ጉድ ነው። አሥራ ሦስት ወንድማማቾች አሉ ይባላል፥ የተራራ ሽፍቶች፥ እናታቸው ሰው በላ። ከገና በፊት በየሌሊቱ አንድ አንድ እያሉ ይወርዳሉ። አንዱ ማማሰያ ይልሳል፥ አንዱ በር ያላትማል፥ አንዱ ቋሊማ ይሰርቃል። ልጆች መስኮት ላይ ጫማ ያስቀምጡላቸዋል፤ ጨዋ ልጅ ስጦታ ያገኛል፥ ባለጌ ልጅ ድንች። ድንች! እምዬ፥ ፋርጣ ላይ ድንች ቅጣት ነው ቢባል አገር ይስቃል። የጉና ሥር ልጅ ጫማ ሙሉ ድንች የሚሰጠው ቢሆን ዓመቱን በሙሉ ባለጌ ሆኖ ይከርም ነበር። ደግሞም ሰዎቹ አንዲት ግዙፍ ድመት አለቻቸው፤ ለበዓል አዲስ ልብስ ያልደረሰውን ትበላለች። እኛ ስንቱን ገና በአሮጌ ልብስ አለፍነው፤ ድመቷ ጉናን ሳትሻገር መቅረቷ የአንቺ ጸሎት ነው።

ቤታችን የሚሞቀው ከመሬት በሚወጣ ፍልውሃ ነው። ወገብሽን የታጠብሽበትን ዋንዛዬን አስቢና በየቤቱ በቧንቧ ሲገባ ይታይሽ፤ እንደ ግም እንቁላል መሽተቱ ብቻ ነው ችግሩ። ማታ ማታ ሹሙም ዓሣ አጥማጁም ቄሱም ሕዝብ መታጠቢያው ውስጥ እስከ አንገታቸው ተነክረው ወሬ ይሰልቃሉ፤ እንደ እድር ስብሰባ ቁጠሪው፥ መዋጮ ብቻ የለውም። (ከመግባትህ በፊት ሁሉም ፊት ራቁትህን ትታጠባለህ፤ ግዴታ ነው። አንዲት ቃል ብትተነፍስላት ወዮልህ።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዘንድሮ የካቲት 8 እሑድ ቅበላዬን ለብቻዬ ተቀበልኩ፤ እንቁላል በቅቤ ጠብሼ በላሁ። በማግስቱ ሰኞ ጾም ገባ። ገና ዓይኔን ሳልገልጥ የአከራዬ ልጆች በሬን በርግደው "ቦላ! ቦላ! ቦላ!" እያሉ ብርድ ልብሱን በላዬ ላይ ይዠልጡት ጀመር። ጥፋቴን ባስበው ባስበው አጣሁት። ለካ የዳቦ ሰኞ ነው፤ በዚያ ቀን ልጅ ጎሕ ሲቀድ ወላጁን አልጋው ላይ በባለቀለም ወረቀት ባጌጠች ዘንግ ይገርፋል፥ በገረፈው ቁጥር ልክ ዳቦ ይሰጠዋል። ትንሿ አሥራ አራት ቆጥራብኛለች። አሥራ አራት ዳቦ ዕዳ! ሙልሙል እንዳይመስልሽ፤ ተሰንጥቆ መሐሉ ክሬም የሞላ፥ ላዩ ቸኮሌት የተቀባ። በዘወረደ ሰኞ! ዕዳዬን ገዝቼ ከፈልኩ፥ ልጅቷም ከራሷ ላይ አንዱን አቀረበችልኝ፤ ጾመኛ ነኝ አልኳት። (ማሙሽ፥ በላሁት። የልጅ ፊት አየሁና በላሁት።)

ማክሰኞውን የመፈንዳት ቀን ይሉታል። በጨው የከረመ የበግ ሥጋ ከአተር ክክ ጋር ቀቅለው ሆዳቸው እስኪተረተር ይበላሉ። ይህማ ቅበላ ነው ብዬ "ታዲያ ጾሙ ነገ ይገባል ማለት ነው?" ብላቸው እርስ በርስ ተያዩ። በእነሱ አቆጣጠር በ1550 ግድም ጠቅልለው ሉተራን ሲሆኑ ጾሙን ጥለውታል፤ ቅበላውን ግን አልጣሉትም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሲቀበሉ ኖረዋል፥ የተቀበሉት ጾም እስካሁን አልመጣም።

ረቡዕ ልጆቹ ልብሳቸውን ለዋውጠው፥ ፊታቸውን ተቀባብተው ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ይዘፍናሉ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ከረሜላ ይሰጣቸዋል። ፋብሪካችንም መጡ። ግጥሙ አልገባኝም፥ አቀባበሉን ግን ማን ሊያስተምረኝ! "ሆ!" ብዬ ወለሉን በቦቲ ጫማዬ ደቃሁት። መጀመሪያ ደንግጠው ዝም አሉ። ሁለተኛ ሲያወጡ ፖላንዳዊው ባልደረባዬም "ሆ!" አለ፤ ሦስተኛው ላይ ዓሣ በላቹ ሁሉ ቢላውን አስቀምጦ ተቀባይ ሆነ። እውነቱን ልንገርሽ፥ እነዚህ ሰዎች ቡሄን ቆራርጠው በየቦታው በትነውታል። ጅራፉንና ሙልሙሉን ለሰኞ፥ ሆያ ሆዬውን ለረቡዕ ሰጥተው፥ ችቦውን ለዘመን መለወጫ ዋዜማ አስቀርተውታል።

ያን ለት ማታ ለአከራዬ ልጆች የነሐሴ 13ን ነገር አጫወትኳቸው፤ ደብረ ታቦር ላይ ጅራፍ ሲጮህ ተራራው እንዴት እንደሚመልስ። "ዘንጋችን አይጮህም፥ ያንተ ይጮሃል?" አሉኝ። ከመርከብ ገመድ አንድ ጎንጉኜ ውጭ ወጣሁ። እንደ እርጥብ ጨርቅ ጠብ አለች። አገሬን ያን ቀን አዋረድኩ።

መቼ ትመጣለህ ላልሽው፥ እዚህ ፈረስ ከደሴቲቱ አንዴ ከወጣ ተመልሶ እንዳይገባ ሕግ አለ፤ በሽታ ያመጣል ተብሎ ነው። እኔ ፈረስ አይደለሁም፤ ፈቃድ ሳገኝ እመጣለሁ። እስከዚያው ግን አጎቴ ደህና ጅራፍ ከቃጫ ይግመድልኝ፤ ርዝመቷ ከቁመቴ ትብለጥ። ከበርበሬው ጋር አዲስ አበባ ላኪው፥ የሚያመጣልኝ ሰው አላጣም። ለከርሞ የዳቦው ሰኞ የሚውለው የካቲት 1 ቀን 2019 ነው፥ የእኛ ጾም የሚገባው የካቲት 29። ጅራፏ እስከ ጥር መጨረሻ ትድረስልኝ።

የማይረሳሽ ልጅሽ