«ካርቱም ደግሞ ውጭ ናት እንዴ?» ላላችሁ

የአሜሪካው ዘመድ ስሙ ሲነሳ ሰርግ ቤቱ በሙሉ ጆሮውን ያቆማል። የካርቱሙ ሲነሳ ግን «እሱማ እዚሁ መተማ ማዶ አይደል!» ተብሎ ወሬው ይቀየራል። ካርቱም የኖረ ወገናችን ተረብ ጠግቧል፤ የሚመልስለት ግን አላገኘም። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

«በአውቶቡስ የሚደረስበት አገር ስደት ይባላል?»

ይባላል! ስደት በትኬት ዋጋ አይለካም። ከአዲስ አበባ የተነሳ ሰው ከ2,300 ሜትር ከፍታ ወርዶ 400 ሜትር እንኳ በማይሞላ ሜዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ጋቢ የለመደን ገላ 40 ዲግሪ ይቀበለዋል። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሳ እኩለ ቀን ይጨልማል፤ የመስኮቱን ስንጥቅ በፎጣ ጠቅጥቃችሁ ብትተኙም ሲነጋ አልጋውም ድስቱም አቧራ ለብሶ ይጠብቃችኋል። ቋንቋው ዐረብኛ፣ ዕረፍቱ ዓርብ ነው፤ እሁድ ላስቀድስ ያለች ልጅ አሠሪዋን ማስፈቀድ አለባት። መኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማ ይባላል፤ ቀኑ ካለፈ ከቤት እስከ ሱቅ ያለው መንገድ እንኳ ያስፈራል። ይህ ሁሉ ውጭ ካልሆነ ውጭ የምትሉት የቱን ነው?

«ስንት የተማረች ልጅ ካርቱም ሄዳ ቡና አፍልታ ቀረች!»

አዎ፣ አፈላች! ለፈረንጅ ሲፈላ «ባህላችን» ብለን የምንኮራበት ቡና፣ ልጃችን ስትተዳደርበት በምን ሒሳብ ነውር ሆነ? ሥራውን ቀርባችሁ እዩት። ጎህ ሳይቀድ ከሰሏን ታቀጣጥላለች፤ በርጩማዎቿን ዛፍ ጥላ ሥር ትደረድራለች። ሱዳኑ ቡናውን በዝንጅብል ስለሚወድ ዝንጅብሉን አብራ ትወቅጣለች። ስኳር የሚያበዛውን፣ ሻዩን በናዕናዕ የሚለውን፣ ለነገ በዱቤ የጠጣውን ሁሉ በቃሏ ይዛለች። በዚህ ላይ ከሻ አለ፤ ፖሊስ ድንገት ደርሶ ጀበናውንም ስኒውንም በርጩማውንም ጭኖ ይሄዳል። በማግስቱ ጀበና ተበድራ ያው ዛፍ ሥር ትገኛለች። ካርቱም ውስጥ የሻይ ሻጮችን ማኅበር የመራች አዋዲያ ማህሙድ ኮኮ የምትባል ሱዳናዊት አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለዓለም ጀግና ሴቶች የሚሰጠውን ሽልማት ተቀብላለች። እናንተ ያፈራችሁበት በርጩማ ዋሽንግተን ድረስ ተከብሯል።

«እንደ ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል!»

ዓባይን ካነሳችሁማ በደንብ አንሱት። ጣናን ለቆ ካርቱም ሙግረን ላይ ከነጭ ዓባይ እስኪገናኝ ድረስ በከንቱ አይዞርም። እ.ኤ.አ. በ1925 የተጠናቀቀው የሴናር ግድብ ውኃውን ወደ ገዚራ እርሻ መልሶ የሱዳንን ጥጥ ያበቀለው በእርሱ ነው። ልጃችሁም እንዲሁ ነው። በሐዋላ የላከው ገንዘብ ቤታችሁን ቆርቆሮ አልብሷል፤ ለታናሹ ደብተር ገዝቶለታል፤ እናቱን አሳክሟል። ይዞት የሚዞረው ግንድ የእናንተው ቤት ምሰሶ ነው!

«ካርቱምማ ወደ ሊቢያ ማለፊያ ናት፤ እዚያ ማን ይኖራል?»

የሚያልፍባት አለ፤ ደላላውም አለ፤ በረሃው የበላው ወጣትም ብዙ ነው። አውሮፓውያንም እ.ኤ.አ. በ2014 ከአፍሪካ ቀንድ ስለሚነሳው ስደት ሮም ላይ የመከሩበትን መድረክ «የካርቱም ሂደት» ብለው ሰይመውታል። እናንተ ግን መንገደኛውን ብቻ አይታችሁ ነዋሪውን ዘለላችሁት። ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ደይም ሰፈር ብትገቡ፣ ጀሬፍ ብትሄዱ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ የሐበሻ ፀጉር ቤት፣ እንጀራ የሚሸጥበት ደጃፍ ሞልቶ ነበር። እቤት አማርኛ፣ ደጅ ዐረብኛ እያወሩ ያደጉ ልጆች አሉ። ሲሞት የሚቀብረው ዕድርተኛ፣ አራስ የሚጠይቀው ጎረቤት ያለው ሰው መንገደኛ አይደለም።

«ስንት ዓመት ቆይቶ ባዶ እጁን ገባ!»

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ሥዑር ነበር። የእኛ ሰው ለፋሲካ ሽንኩርት እየላጠ፣ ጎረቤቱ ረመዳን ይዞ ሳለ፣ በዚያ ጠዋት የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል መሐል ካርቱም ተታኮሱ። አየር ማረፊያው ራሱ የጦር ሜዳ ሆነ። ውኃ ጠፋ፤ መብራት ጠፋ፤ ባንክ ተዘጋ። የዓመታት ጥሪት አንድ ፌስታል ገባ፤ ያም ኬላ ላይ ተፈተሸ። በገዳሪፍ አድርጎ ጋላባትን አልፎ መተማ የደረሰው ሰው ነፍሱን ይዞ ነው የመጣው። ነፍስ ይዞ የመጣን ሰው እጁን የሚያይ ምን ዓይነት ዘመድ ነው?

«ሱዳኖች ደግሞ ለእኛ ምን አደረጉልን?»

ይህንንማ በጆሯችሁ አስገቡት። በ77 ረሃብ የተሰደደው ሕዝባችን ያረፈው ምሥራቅ ሱዳን ነው፤ ኡም ራኩባ የሚባለው ካምፕ ያኔ ወገኖቻችንን አስጠልሏል። ኅዳር 2013 ዓ.ም. ላይ ከትግራይ የሸሸው ሕዝብ ሲሻገር ያው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ሱዳን ገባ። የድንበሩ ገበሬ የራሱን ጎተራ ቀድሞ ከፈተ። ሱዳኖቹ በተራቸው ጦርነቱን ሸሽተው በመተማ ሲመጡ ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ላይ አሰፈርናቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ብዙዎቹ «ተዘረፍን፣ ተደበደብን» ብለው ከመጠለያው ወጥተው መንገድ ዳር ተቀመጡ። ጥያቄው መገልበጥ አለበት፤ እኛ ለእነሱ ምን አደረግን? አዲስ አበባ የመጣ ሱዳናዊ ቤት ሲፈልግ ኪራዩን በእጥፍ የምትጠሩ አከራዮች፣ ካርቱም ላይ «ሐበሻ ነሽ፣ ጨምሪ» የተባለችው የእናንተው እህት እንደሆነች አትርሱ።

እንግዲህ ከተረቡ ወደ ቁም ነገሩ። መሄድ ያሰበ ይስማ፤ ፓስፖርትህን ለደላላም ለአሠሪም አትስጥ፤ ዐረብኛውን ሳትደርስ ጀምረው፤ ጦርነት ባለበት አገር «አንድ ዓመት ብቻ» የሚባል ዕቅድ የለም። እዚያ የቀረ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ስትደውሉ «መቼ ትልካለህ?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት አደርክ? ኢቃማህ ታደሰ ወይ?» በሉት። የተመለሰችውንም «ምን ይዘሽ መጣሽ?» አትበሏት። ቋንቋ ይዛለች፤ ንግድ ይዛለች፤ ሰው ማስተናገድ ይዛለች። «ቦታ አለን፤ መነሻ ገንዘቡን እናዋጣለን፤ ንግድሽን እዚህ ክፈቺ» በሏት።