ትኬቱ ርካሽ ነበር

ሮም ያለችው የአክስታችን ልጅ ወለደች። እልልታችንን በስልክ አደረስንና ወዲያው «ወንድ ነው ሴት?» ብለን ጠየቅን። ለስም ማውጣት እንዳይመስላችሁ፤ ለትኬት ነው። ሴት ከሆነች ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ስለሆነ ትንሽ ፋታ አለን። ወንድ ከሆነ ግን 40 ቀን ብቻ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ርካሽ የተባለውን ትኬት ቀድሞ ያሰበ ሰው ወስዶታል።

ወንድ ሆነ።

እኛ ያለነው ፍራንክፈርት ነው። በአውሮፕላን ይሻላል? በባቡር? ወይስ የባቡር ፓስ እንግዛ? ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ መልስ ስልካችን ላይ አቀርቅረን ይህንኑ ስናሰላ ሰነበትን። አውሮፓ ኖሮ ያላቀረቀረ ካለ እጁን ያውጣ።

አውሮፕላኑ 19 ዩሮ ይላል። ደስ ይላል። ቀጥሎ ሻንጣ አለህ ወይ ይላል። ቀጥሎ ከሚስትህ አጠገብ መቀመጥ ትፈልጋለህ ወይ ይላል። ቀጥሎ ኤርፖርት ላይ ወረቀት የሚያትምልህ ሰው ከፈለግህ ለእሱም ዋጋ አለው ይላል። በነፃ የሚፈቀደው ከወንበር ሥር የሚገባ ቦርሳ ነው፤ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የእንጀራን ስፋት ደግሞ ምጣዱ ያውቀዋል። አጥፈን፣ ደግመን አጥፈን፣ በጉልበታችን ተጭነን የከተትነው እንጀራ ሮም ሲደርስ ፍርፍር ሆኗል፤ የቀረው ማቁላላት ብቻ ነው።

ኤርፖርቱስ? «ፍራንክፈርት ሐን» የሚባለው ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሰውን ደብረ ብርሃን አውርዶ «እንኳን አዲስ አበባ በሰላም ገባህ» እንደ ማለት ነው። «ፓሪስ ቦቬ»ም ከፓሪስ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ለአውቶቡስ ክፈል፣ ከአውቶቡስ ወርደህ ለባቡር ክፈል። ባቡር ተወደደ ብለን የሸሸን ሰዎች ዞረን ዞረን ባቡር ውስጥ እንገኛለን።

እሺ፣ ባቡር ይሁን። ባቡር ጥሩ ነው፤ እንጀራውን የሚለካ የለም፣ በርበሬውን የሚመዝን የለም። ግን ርካሹ ትኬት ከአንድ ባቡር ጋር የታሰረ ነው፤ ተኝተህ ያ ባቡር ካመለጠህ ትኬትህን ለማስታወሻ አስቀምጠው። የጀርመኑን ለብቻ፣ የስዊዘርላንዱን ለብቻ፣ የጣሊያኑን ለብቻ ቆራርጠን ብንገዛ ሊረክስ ይችላል። ታዲያ የመጀመሪያው ዘግይቶ ባዝል ላይ ሁለተኛው ካመለጠን ማን ይጠየቃል? ሦስት ትኬት ሦስት ውል ነው፤ ሦስቱም ወደ ሌላው ይጠቁማሉ። ድንበሩ ተከፍቷል ይባላል፤ ከሀዲዱ በላይ ያለው ሽቦ ግን ወሬውን አልሰማም። ጀርመንና ስዊዘርላንድ ውስጥ 15,000 ቮልት የነበረው፣ ጣሊያን ሲገቡ በነባሩ መስመር 3,000 ይሆናል። የትኬት መሸጫዎቹም ከሽቦው አይሻሉም።

ፓሱን ደግሞ «በአንድ ትኬት 33 አገር» ብለው ያቀርቡልናል። ማን 33 አገር አማረው? እኛ የምንፈልገው ቅዳሜ ገብተን፣ እሑድ ጠጥተን፣ ሰኞ ማታ ለፈረቃችን መድረስ ነው። ትንሹ ፓስ በወር ውስጥ የአራት ቀን መንገድ ይሰጣል፤ ሁለቱን ለክርስትናው ተጠቅመን ቀሪውን ሁለት ቀን ማን ጋ እንሂድበት? ደግሞ አውሮፓ ለሚኖር ሰው ያለው ኢንተርሬል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የሚሸጠው። በእሱ በምትኖርበት አገር ውስጥ አንድ መውጫ ጉዞና አንድ መመለሻ ጉዞ ብቻ ነው የሚፈቀድልህ። ከዋሽንግተን የምትመጣው ዘመዳችን ግን ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖር ሰው የሚሸጠውን ዩሬይል ገዝታ የኛኑ ጀርመን እንዳሻት ትዞርበታለች። እንግዳ ማክበር ነው ብለን እንለፈው። ግን ፓስ ይዘህም ጣሊያን ውስጥ ፈጣኑ ባቡር ላይ ለወንበር ትከፍላለህ፤ ፈረንሳይ ውስጥማ ለፓስ የተመደበው ወንበር ካለቀ ባዶ ወንበር እያየህ ትቀራለህ። ቤት ተከራይተህ ለበሩ ቁልፍ እንደገና እንደ መክፈል ነው።

አውሮፕላኑ ለምን ረከሰ ብለን መጠየቃችን አልቀረም። በአውሮፓ ኅብረት የ2003 የኃይል ግብር መመሪያ መሠረት ከአገር ወደ አገር የሚበር የመንገደኛ አውሮፕላን ነዳጁ ላይ ግብር አይከፍልም። ባቡሩ ግን ለሚሄድበት ሀዲድ በኪሎ ሜትር ኪራይ ይከፍላል። ካሳውም እንዲሁ ግራ ነው። የ19 ዩሮው በረራ ሦስት ሰዓት ቢዘገይ፣ «ከአቅም በላይ ነው» ካላሉ በቀር፣ በ2004ቱ ደንብ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ላለው መንገድ 250 ዩሮ ይከፍላሉ። በ120 ዩሮ የገዛነው ባቡር አንድ ሰዓት ቢዘገይ የሚመለስልን ሩቡ፣ ማለትም 30 ዩሮ ነው። አንዳንዴማ አውሮፕላኑ እንዲዘገይልን ስለት መሳል ያምረናል።

በመጨረሻ ደከመንና በባቡር ወሰንን፤ ከባቡሩ ጋር የታሰረውን፣ የማይቀየረውን፣ የማይመለሰውን ርካሹን ትኬት ለአራት ሰው ገዛን። በማግስቱ እናትየዋ ደወለች። ክርስትናው በሳምንት ተገፍቷል፤ ስደት ነውና 40ው ቀን 47 ሆኗል።

«ምነው፣ ልጁን አመመው እንዴ?» አልናት ደንግጠን።

«ኧረ ደኅና ነው። የነፍስ አባታችን ከስቶክሆልም ነው የሚመጡት፤ ርካሽ ትኬት ያገኙት ለሚቀጥለው ሳምንት ነው።»